ጥሪ የሚሰማበት ርቀት

ነቀምት፣ ጥቅምት 14 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ጋሼ ወልደዮሐንስ፣

እንደምን ከርመዋል? እትዬ ሐረግወይንስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በገባሁ በሳምንቱ እጽፋለሁ ብዬ ወር አለፈኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወረቀት አጥቼ አይደለም። ስቀመጥ ከየት እንደምጀምር እየጠፋኝ ነው።

ከጥያቄዎ ልጀምር። አይደለም፣ ቦታው ባዶ አይደለም። የእደ ጥበብ መንደር እንድሠራበት የተላክሁበት፣ ፕላናችን ላይ «ክፍት ቦታ» ተብሎ የተጻፈበት፣ ከገበያው በታች እስከ ጅረቱ የሚወርደው ቁልቁለት ሃያ ሦስት ቤተሰብ ይኖርበታል። ቀጥቃጮች አሉ፣ ሸክላ ሠሪዎች አሉ፣ ሸማኔዎችና አናጢዎች አሉ፣ ዳር ላይ አቶ ሸዋርጋ የሚባሉ ጉራጌ ቆርቆሮ ሠሪ አሉ። እኛ አዲስ አበባ ጠረጴዛ ከበን ባለሙያን ከባለሙያ የሚያገናኝ ሰፈር እንፍጠር ስንል፣ ሰፈሩ እዚህ ቆሞ ነበር።

ፕላኑን ያውቁታል፤ የእርስዎም እጅ አለበት። ዙሪያውን አጥር፣ አንድ በር፣ አርባ የእጅ ሥራ ቤት በአራት ረድፍ። ከእርስዎ እጅ ከወጣ በኋላ የተጨመረውን ግን ያዩት አልመሰለኝም። ማንበብና መጻፍ የማይችል አይመዘገብም ይላል። ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ደግሞ «በጭስ ምክንያት» ተነሥቶ በዲጋ መንገድ ስድስት ኪሎ ሜትር ወጥቶ ይስፈር ይላል። ታዲያ አርባው ቤት ለማን ነው?

ችካል ልተክል የወረድኩ ዕለት አንድ ሽማግሌ ብረት ከሚቀጠቅጡበት መስፍ ቀና ብለው «ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እንጨቱን የምትተክዪው ለአጥር ነው ለጥላ?»

ኦቦ ዋጋሪ ይባላሉ። የሚቀጠቅጡት የተሰበረ የመኪና ባሌስትራ ነበር። ምን ሊሆን ነው ብዬ ብጠይቅ በቆሎ መፈልፈያ ነው አሉኝ። ማን አስተማረዎት አልኳቸው።

«የሚስቴ ጣት» አሉ። «በቆሎ ስትፈለፍል ቆስሎ አየሁት።»

እስከ እኩለ ቀን ቆሜ አየኋቸው። ችካሉን ሳልተክል ተመለስኩ። ምን ይመክሩኛል?

አክባሪ ልጅዎ ሸዋጌጥ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 1 ቀን 1974 ዓ.ም.

ልጄ ሸዋጌጥ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ ደህና ነን። ሐረግወይን የነቀምት ብርድ እንዴት ያደርጋታል እያለች ነው።

ስለ እኔ ከሰው ሰምተሽ እንደሆነ እውነት ነው፤ ግን አትጨነቂ። ክፍል ቀይሬአለሁ። አሁን ምድር ቤት፣ መዝገብ ቤት ነው ያለሁት። ጸጥ ያለ ነው፤ ሰውም ብዙ አይመጣም። ለዓይኔ ትንሽ ይጨልማል እንጂ ሌላው ይመቻል። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ። ደብዳቤ ረጅም መንገድ ነው የሚሄደው።

ስድስቱን ኪሎ ሜትር አላየሁትም ነበር። ስሜ ከታች መኖሩ አሳፈረኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ፕላን ሣልኩ። አንድ ነገር ገብቶኛል ብል፣ ቤት ከመሣልሽ በፊት ሰው ወዴት እንደሚሮጥ እይ። አንዱ ሥራ ሲበላሽበት የማንን በር ያንኳኳል? መንገዱ ያ ነው። ቤቱ ከመንገዱ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ለጊዜው ተቀመጪና እዪ፤ ያየሽውን ጻፊልኝ። ያሰብሽውን ቆይተሽ ትጽፊያለሽ።

ችካሉን አትትከዪው፣ አትጣዪውም። ማኅተም ያለበትን ወረቀት የሚነካ ሰው ዛሬ ምን የሚል ስም እንደሚለጠፍበት ታውቂያለሽ።

ወልደዮሐንስ


ነቀምት፣ ጥር 2 ቀን 1974 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ዛሬ ሰላምታ ማርዘም አልቻልኩም፤ ይቅር ይበሉኝ። ያየሁትን ሳልነግርዎ ብቀር የሚያንቀኝ መሰለኝ።

ኅዳር አሥራ አንድ ቀን የከተማው የውሃ ፓምፕ ቆመ። ውስጡ ውሃውን የሚገፋው ባለ ክንፍ የነሐስ መዘውር ተሰብሮ ነው። መለዋወጫው ከባሕር ማዶ በአራት ወር ይመጣል ተባለ። ቦኖው ሁሉ ደረቀ። ሴቱ እንስራ እያዘለ ወደ ጅረት ወረደ። በሦስተኛው ሳምንት ተቅማጥ ገባ። የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ወይዘሮ ሙሉነሽ የስምንት ወር ልጇን ቀበረች። በዚያው ሳምንት ከሰፈራችን ሌላም ሕፃን ተቀበረ። ቀደም ብዬ ያልጻፍኩልዎ ለዚህ ነበር።

ኦቦ ዋጋሪ ፓምፕ ጣቢያው ድረስ ሄደው የተሰበረውን መዘውር ለምነው ተቀበሉ። ቤታቸው አልገቡም። በቀጥታ ሄደው አዴ ድርቤ ደጃፍ ተቀመጡ። አዴ ድርቤ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ባላቸው ሞተዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንስራቸውን የሚገዛ እንጂ ከደጁ አሳልፎ ያስገባቸው ጎረቤት የለም። መዘውሩን ተቀብለው ክንፎቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

«ሰባት ነበሩ» አሉ። «ሁለቱ የሉም።»

«አምስቱን አይተሽ የሌሉትን መሥራት ትችያለሽ?»

«የአንድ እናት ልጆች ናቸው። እናትየዋን አየኋት።»

ሁለቱን ክንፍ በሰም ሠሩ። ከዚያ ሙሉውን ጭቃ አለበሱት፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ በሚተወው ባዶ ቦታ ነሐስ ሊፈስበት ነው። ጭቃው የጤፍ ገለባ የገባበት ነው፤ እንፋሎቱ መውጫ እንዲያገኝ። አቶ ሸዋርጋ ለሚቀልጠው ነሐስ የአሮጌ ቧንቧ ራስ፣ የተሰበረ ቁልፍ ሰበሰቡ። ሲጎድል የራሳቸውን ሚዛን ሁለት ሰሃን አምጥተው ጨመሩ። መጀመሪያ ጊዜ ጭቃው ፈነዳ። ሁለተኛው አንድ ክንፍ ሳይሞላ ቀረ። ከተማው ይስቅ ጀመር። ሦስተኛውን በዓይኔ አየሁት።

ጋሼ፣ ሦስቱም ከየቦታቸው አልተነሡም። ኦቦ ዋጋሪ ወናፋቸው ላይ ናቸው፤ ነሐሱ እየቀለጠ ነው። አዴ ድርቤ የጭቃውን ቅርጽ በራሳቸው እሳት ያግላሉ። ሁለቱ እኩል ካልጋሉ ይፈነዳል።

«ድርቤ! ደረሰ?» ይጮኻሉ።

«ገና! እሳትህን ያዝ!»

«ሸዋርጋ፣ የማፍሰሻው ቱቦ?»

«ተዘጋጅቷል!»

በመጨረሻ አዴ ድርቤ «ኮቱ!» ብለው ጮኹ፤ ና ማለት ነው። ኦቦ ዋጋሪ የቀለጠውን ነሐስ ከነማቅለጫው ሸክላ በጉጠት ይዘው ሲሮጡ መንገዱን የሚያውቀው እግራቸው ነበር፤ ዓይናቸው ከነሐሱ ላይ አልተነሣም። ኋላ ወረድ ብዬ በእርምጃ ለካሁት። ከአንዱ እሳት እስከ ሌላው አርባ እርምጃ ነው። ጥሪ የሚሰማበት ርቀት። የቀለጠ ነሐስ ስድስት ኪሎ ሜትር አይጠብቅም፣ ጋሼ።

ዘጠኝ ቀን በሞረድ አስተካክለው ፓምፑ ላይ አስገጠሙት። ታኅሣሥ ሃያ አንድ፣ በገበያ ቀን፣ ከላይኛው ቦኖ በኩል አንዲት ሴት «ቢሻን ዱፌ!» ብላ ጮኸች። ውሃ መጣ ማለቷ ነው። ገበያው ጥሎ ሮጠ። እኔም ሮጥኩ። ኦቦ ዋጋሪ ብቻ አልሮጡም። እዚያው ተቀምጠው የእጃቸውን ቃጠሎ ቅቤ ይቀቡ ነበር።

ኮሌጅ የተማርኩት ሁሉ አልጠፋብኝም። ግን ዝም አለ። አብጄ እንደሆነ ይንገሩኝ፤ ያንን ፕላን ልቀድደው ነው።

ሸዋጌጥ


አዲስ አበባ፣ ጥር 19 ቀን 1974 ዓ.ም.

ልጄ፣

አላበድሽም።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለሐረግወይን ጮክ ብዬ ሳነብላት «ሰባት ነበሩ» የሚለው ላይ «ቆይ፣ ድገመው» አለችኝ። ደገምኩላት። ለወይዘሮ ሙሉነሽ እግዚአብሔር ያጽናሽ በይልኝ። ከንቱ ቃል እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም በይልኝ።

አትቅደጂው። ሌላ ሣዪ። ግን ብቻሽን እንዳትሥዪው። የአንቺ ብቻ የሆነ ፕላን አንቺ ስትነሺ ይነሣል። የሃያ ሦስት ቤት ከሆነ ለማንሣት ያስቸግራል። ደግሞ የሚወዱሽን ብቻ ሰብስበሽ አትሥሪ። ያንን ሰፈር የሚጸየፉትንም ጥሪያቸው። ያልተጠራ ሰው ኋላ አጥር ሆኖ ይመጣል።

ስለ ራሴ ብዙ አልጽፍም። ደመወዜ ይመጣል፣ ቤቴ እገባለሁ። ይህ ይበቃሻል።

ወልደዮሐንስ


ነቀምት፣ የካቲት 23 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? የላኩልኝ የእርሳስና የማስመሪያ ጥቅል ደርሶኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እንዳሉኝ አደረግሁ። መጀመሪያ ወረቀት ዘርግቼ ነበር። አዴ ድርቤ «ቱሪ፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ቆዪ ልጄ ማለት ነው። «ወረቀት የሚያውቅ ብቻ ይናገራል ማለት ነው?» ብለው ሄዱና አመድ አምጥተው መሬት ላይ በተኑ። ቤቶቹን የገል ስባሪ አደረጓቸው። ጅረቱን በጣታቸው ጫሩት። ከዚያ ሁሉም መጣ። አንዱ ገል ያነሣል፣ ሌላው ይመልሳል። ሸማኔዎች አቧራ ይበዛብናል ብለው ሽቅብ ሄዱ። አናጢዎች ወደ ቀጥቃጭ ተጠጉ፤ ምስማርና መጥረቢያ ከእነሱ ነው። አራት ቀን ተጨቃጨቁ። እኔ ዝም ብዬ እቀዳ ነበር። ስለ ከተማ ፕላን ካነበብኳቸው መጻሕፍት አንዱም እንዲህ አላስደነቀኝም።

የወጣው ይህ ነው። አጥር የለም። ወደ ገበያ የሚወጡት አምስቱ የእግር መንገዶች እንዳሉ ይቀራሉ፤ ገዥ ሲያልፍ ሥራውን እንዲያይ። በመካከል ሁሉም የሚጠቀምበት አንድ ትልቅ ማቅለጫ አለ። ከጎኑ ዳስ አለ፤ ፊደል የሚያውቅ ፊደል፣ እጅ የሚያውቅ እጅ የሚያስተምርበት። ማንም ካለበት አይነሣም።

ከዚያ በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። የከተማው ምክር ቤት ሰብሳቢ ጓድ ጉሉማም ነበሩ። ከላይኛው ሰፈር አንድ ባለሱቅ ተነሥተው፣ ሙያውን እናከብራለን፣ አብዮቱም አክብሩ ብሎናል፣ ችግራችን ጭሱ ብቻ ነው አሉ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

አዴ ድርቤ ከኋላ ተነሡ። አዳራሽ ውስጥ ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነው።

«ፓምፑ የቆመ ጊዜ ሌት ተቀን እሳት አንድደናል» አሉ። «ያኔ ጭሱ የት ሄዶ ነበር?»

ወደ ባለሱቁ ዞሩ።

«የምትፈሩት ጭሱን አይደለም፤ እኔን ነው። ልጅ ሆኜ በጥላዬ ላይ አመድ ይበተን ነበር። እኔ ግን የትም አልሄድኩም። ዛሬ ጠዋት በጠጣችሁት ውሃ ውስጥ አለሁ።»

ወይዘሮ ሙሉነሽ የተቀመጠችው ከላይኛው ሰፈር ሴቶች ጋር ነበር። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። አዳራሹን አቋርጣ ሄዳ ከአዴ ድርቤ አጠገብ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ስለ ጭስ የተናገረ የለም።

ጓድ ጉሉማ ስብሰባው ሲያልቅ ጠሩኝ። «ልቤ ከእናንተ ጋር ነው፤ እጄ ግን ከማኅተሙ ጋር ነው» አሉኝ። እስከ መጋቢት መጨረሻ ከአዲስ አበባ የተፈረመ አዲስ ፕላን ካልመጣ አሮጌው ይፈጸማል። ለላይ ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። መልስ የለም።

የቀዳሁትን አብሬ ልኬአለሁ። መዝገብ ቤት ለተቀመጠ ሰው ይህን መላክ ሸክም እንደሆነ አውቃለሁ። እንዲያዩልኝ ብቻ ነው።

ሸዋጌጥ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 15 ቀን 1974 ዓ.ም.

ልጄ፣

ይህን በፖስታ አልላክሁትም። ያመጣልሽ የአውቶቡስ ሾፌር የታመነ ሰው ነው፤ ምሳ ጋብዢው።

በጥቅሉ ውስጥ ፕላንሽ አለ። ፊርማው የእኔ ነው፣ ማኅተሙም እውነተኛ ነው። ወደ መዝገብ ቤት ሲያወርዱኝ የመፈረም ሥልጣኔን በጽሑፍ ማንሣት ረስተዋል። ደንቡን አገላብጬ አይቻለሁ፤ በጽሑፍ ያልተነሣ የጸና ነው። የመዝገብ ቤት ጥቅሙ ደንብ በእጅ መሆኑ ነው።

የጎርፍ መውረጃ ረስተሽ ነበር፤ ጨምሬአለሁ። ሌላውን አልነካሁም። መንካት አቃተኝ። በሥራ ዘመኔ አንድም መስመር ያለ ምክንያት ያልተሠመረበት ፕላን ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ለጊዜው መልስ አትጻፊልኝ።

ወልደዮሐንስ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለሸዋጌጥ፣

ጤና ይስጥልኝ ልጄ። ለጋሼሽ የጻፍሽውን እኔ ተቀብዬዋለሁ። እሱ ቤት የለም። ከፋሲካ በፊት ለጥያቄ ተፈልጎ ሄዷል። በየቀኑ ምሳ አደርሳለሁ። ሰሃኑ ባዶ ሆኖ ይመለስልኛል፤ ባዶ ሆኖ ከተመለሰ ደህና ነው ማለት ነው ይሉኛል እዚያ ያሉ ሴቶች።

አንቺን እንዳልወቅስሽ ሳይሄድ አስምሎኛል። አልወቅስሽም። የሸክላ ሠሪዋን ነገር ግን ጻፊልኝ። ምን እየሠሩ ነው? ሳነበው ቀኑ ያልፍልኛል።

ሐረግወይን


ነቀምት፣ ነሐሴ 4 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ጋሼ ወልደዮሐንስ፣

በሕይወት ወደ ቤትዎ ለመለሰዎ አምላክ ምስጋና ይግባው። የእትዬ ሐረግወይንን ቴሌግራም የያዝኩ ዕለት ወይዘሮ ሙሉነሽና እኔ ደጃፍ ላይ ተቃቅፈን አለቀስን። ስለዚያ ሦስት ወር ላለመጻፍ መምረጥዎን አከብራለሁ፤ አልጠይቅም። በኋላ በላኩልኝ አጭር ደብዳቤ «ጡረታ ወጣሁ ይላል ወረቀቱ» ያሉትን ግን ደጋግሜ አነበብኩት። ይቅርታ ልጠይቅ ጀምሬ አራት ወረቀት ቀደድኩ።

ፕላኑ በጊዜው ደርሶ ነበር። ጓድ ጉሉማ በአደባባይ አስነበቡት፤ እንደ ቃላቸው ሥራውን አስጀመሩ። ማቅለጫው ቆሟል። የበቆሎ መፈልፈያውን ከጉቶ ጊዳ የገበሬ ማኅበራት እየመጡ ይወስዱታል። አቶ ሸዋርጋና አናጢዎቹ የንብ ቀፎ እየሞከሩ ነው። አዴ ድርቤ ዳሱ ሥር እስከ «መ» ደርሰዋል፤ በምላሹ ሦስት የላይኛው ሰፈር ሴቶች ጭቃ ማቡካት እየተማሩ ነው።

እኔ ወደ ጊምቢ ተዛውሬአለሁ። «ለሥራ ተፈልጋ» ይላል። በሁለት ሳምንት እሄዳለሁ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ኦቦ ዋጋሪ «የፈረመው ሰውዬ እንዴት ነው?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። ደህና ነው እላለሁ። ሦስት ጊዜ ዋሸሁ። በአራተኛው አልቻልኩም፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። መዶሻቸውን አስቀመጡና ሄዱ። ያን ቀን ከማንም ቤት የመዶሻ ድምፅ አልሰማሁም።

በሳምንቱ ጠሩኝ። ከዳሱ ቀጥሎ አንድ ክፍል ሠርተዋል። መስኮቱ በምሥራቅ በኩል ነው፣ ሰፊ ነው። አናጢዎቹ ዘንበል ያለ የመሣያ ጠረጴዛ አቁመውበታል፤ እንዴት ያለ እንደሆነ እኔን ሳይጠይቁ ከየት እንዳወቁት አላውቅም። ሥዕል አንብቦ የሚያስነብብ ሰው እንፈልጋለን አሉኝ።

«ስለ ችግሩ አዝነን አይደለም በይው» አሉ ኦቦ ዋጋሪ። «እኛ ቸግሮን ነው።»

እትዬ ሐረግወይንም ያንብቡት። መልስዎን በጊምቢ አድራሻዬ እጠብቃለሁ።

ሸዋጌጥ


ነቀምት፣ ኅዳር 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ልጄ ሸዋጌጥ፣

ጊምቢ እንዴት ተቀበለሽ? እኛ ደህና ነን። ሳልጽፍ የቆየሁት ሰንፌ አይደለም፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀኑን ሙሉ ስመለከት ይመሽብኛል። ሐረግወይን ከወይዘሮ ሙሉነሽ ጋር ባልንጀራ ሆናለች። ትናንት አዴ ድርቤ ቤት ምሳ በላን።

ሳልመጣ በፊት፣ በመፈረሜ እቆጭ እንደሆነ ላይ ላዩን ጠይቀሽኝ ነበር፤ አልቆጭም። መጀመሪያ ሳምንት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጬ ምንም አልሠራሁም። አንድ ሰው የተሰበረ ነገር ይዞ በአንዱ መንገድ ይመጣል፤ በሦስት ሰው እጅ አልፎ በሌላው መንገድ ይወጣል። አንድም አዛዥ አላየሁም። ሠላሳ አንድ ዓመት የሣልኩት ከተማ ሁሉ ይህንን ለማምጣት ነበር፤ አምጥቶት ግን አያውቅም።

የዛሬ ጠዋቱን ግን ልጻፍልሽ። ባቻ የሚባል ቆዳ ፋቂ አኖ ከሚባል ቦታ አህያ ጭኖ መጣ። ሰፈሩ አልገባም። መንገዱ ዳር፣ ሩቅ ቆሞ ሰላምታ ሰጠ። እንደ ለመደው መሆኑ ነው። ቦታ ይኖራል ወይ ብሎ ጠየቀ።

እዚህም ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ፣ ልጄ። አቶ ሸዋርጋ ቀስ ብለው «ሽታው?» አሉ። ሸማኔዎቹ አቀረቀሩ። ትናንት የተገፋ ሰው ዛሬ ሲገፋ ከማየት ሞት ይሻላል ብዬ አሰብኩ።

ኦቦ ዋጋሪ መዶሻቸውን ሳያስቀምጡ «ወናፍ ትሰፋለህ?» አሉት።

«ቆዳውም የእኔ፣ ስፌቱም የእኔ» አለ ባቻ ከቆመበት።

«የእኔ ተቀድዷል።»

አዴ ድርቤ ሳቁ። «የአንተ ብቻ?» አሉ። «በዚህ ሰፈር ያልተጣፈ ወናፍ የታለ?» ከዚያ ባቻን በእጃቸው ጠሩት። «ከጅረቱ በታች በኩል፣ ከእኔ ቀጥሎ። ነፋሱ ሽታውን ወደ ታች ይወስደዋል። የቀረውን እኔ እችላለሁ።»

እኔ ሜትሬን ላመጣ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ቦታውን ለክቼ፣ ሥዬ፣ ለምክር ቤቱ ላቀርብ ነው። ያለ ወረቀት አይሆንም፤ አመሌ ነው። እርሳስ ቀርጬ፣ ወረቀት ይዤ ስወጣ አዴ ድርቤ ሊደርቁ ያሰጧቸውን እንስራዎች አንድ በአንድ እያነሡ ወደ ላይ ያዞራሉ። ሸማኔዎቹ ይቀበሏቸዋል። አቶ ሸዋርጋ የቆርቆሮ ክምራቸውን ሲጎትቱ ላብ አጥምቋቸዋል። ባቻ አህያውን አራግፎ ቆዳውን ዘርግቷል።

የምለካው ነገር አልነበረም። ሜትሩን ኪሴ ከተትኩና የቆዳውን አንድ ጠርዝ ይዤ መወጠር ጀመርኩ።

ወልደዮሐንስ